ያልገቡት

በሠርዶ ሜዳ ኮሌጅ ወድቆ የሚያውቅ ተማሪ የለም። በትልቁ በር ላይ «መቶ ገብተው መቶ ይመረቃሉ፣ መቶውም ሥራ ይይዛሉ» ተብሎ ተጽፏል፤ ውሸትም አይደለም። ባለፈው ዓመት፣ በ2094 ዓ.ም.፣ ከዋናው ከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ ሦስት ቀን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ ሰንብቶ አንድ የጎደለ ስም አላገኘም። ምሳውን በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ሀሴት ግዛው የብሎክ አራት ፕሮክተር ናት። የሴቶቹን ማደሪያ ትጠብቃለች፣ አንሶላ ታስረክባለች፣ የታመመችውን ክሊኒክ ትወስዳለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ኖራ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ቢጠላም ልጆቹ «እትዬ ሀሴት» እያሉ ሲከቧት ደስ ይላታል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። አምስቱ አንድ ቡድን ናቸው። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይመረቃሉ፣ በሥራ ምደባ ቀንም አንድ ቀጣሪ አምስቱንም ባንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ከቁርስ በፊት የሥራ ቃለ መጠይቅ ይለማመዳሉ። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ትላለች አንደኛዋ። «የጀመርኩትን ሳልጨርስ መነሳት አይሆንልኝም» ትላለች ሌላዋ፣ ፈገግ ብላ። ፈገግታውም ነጥብ አለው። ሀሴት በመስኮት ስትሰማቸው ሁለት መቶ ልጅ ባንድ ድምፅ ድክመቱን ሲናገር ጸሎት ይመስላታል፤ ማን ላይ እንደሚደርስ ግን አታውቅም።

የቡድኑ ነጥብ የጋራ ነው። ከሰባ በታች የወረደን ቡድን የትኛውም ቀጣሪ አያየውም። ስለዚህ አንዲት ልጅ ወደ ኋላ ስትቀር የስኬት ክፍሉ በጊዜ ይደርስላታል። አስጠኚ ይመደብላታል፣ እንቅልፏ ይታያል፣ ቁርሷ ይስተካከላል፣ አማካሪ በየቀኑ ያናግራታል። ይህ የይስሙላ አይደለም፤ ሀሴት ራሷ ተስፋ ቆርጠው ሻንጣ አስረው የነበሩ ልጆች ሰው ሲሆኑ አይታለች። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተቃናላት ግን አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሀሴት ስልክ ላይ የአልጋ ቁጥር ይመጣል።

ቁጥሩ ብቻ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ሀሴት አንሶላውን ትገፍፋለች፣ ቁም ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፣ የፀጉር ማስያዣውንና የተረሳውን ካልሲ በከረጢት ታስራለች። ሁለት ሠራተኞች መጥተው አልጋውን ይወስዱታል። ልጆቹ ከምሳ ሲመለሱ የቀሩት አልጋዎች ትንሽ ተራርቀው ተዘርግተዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያቺ ልጅ ወደቀች አይባልም፤ አልገባችም ነው የሚባለው። መዝገቡ ላይ ከመጀመሪያውም አልነበረችም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሳይቀር አብሮ ይጠፋል።

የማንም ትዝታ አይነካም፤ አያስፈልግም። ያልገባችን ልጅ ስሟን የጠራ ሦስት ነጥብ፣ ሰላም ያላት አንድ ነጥብ፣ «እንብላ» ያላት አንድ ነጥብ ከቡድኑ ላይ ይቀነስበታል። ሁሉም ደረቱ ላይ ያደረገው ባጅ ይሰማል። ሠራተኛ ከሆነ ነጥቡ የሚቀነሰው ኮሌጁ ውስጥ ከሚማር ልጁ ላይ ነው። ይህ ደንብ ሲወጣ ሰው ያጉረመረመው አንድ ወር ያህል ነበር። አሁን ደንብ መሆኑን እንኳ የሚያስታውስ የለም፤ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፣ ሰው ፊት እንደ አለማዛጋት።

ካልገቡት ብዙዎቹ አገራቸው ይመለሳሉ ተብሎ ይታሰባል። አንዳንዶቹ ግን አይሄዱም። ድግስ ተደግሶ፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ መርቆ የሸኛት ልጅ ምን ብላ ትመለስ? ግቢው ውስጥ ይቀራሉ። ሌላ ሰው በር ሲከፍት ተከትለው ክፍል ይገባሉ፣ ከኋላ ቆመው ትምህርቱን ይከታተላሉ፣ ምግብ አዳራሽ የተረፈውን ይበላሉ፣ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይተኛሉ። ጥበቃዎች አያስወጧቸውም። ለማስወጣት መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋላ። ሀሴት ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው ግድግዳውን ይዛ ታልፋለች፤ የልብሳቸው ጠርዝ እጇን ሲነካት ቀኑን ሙሉ እጇን ስትታጠብ ትውላለች።

ወይዘሮ ዝናሽ የመጣችው በግንቦት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንድ ትልቅ ዘንቢል ዳቦ ቆሎ ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች። ልጇ አትጠገብ ይሁኔ ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አላነሳችም። የቀበሌው ጸሐፊ «እንዲህ የምትባል ተማሪ አለች ብሎ የነገረሽ ማነው?» አላት። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች።

ጥበቃው መዝገቡን አይቶ «የለችም እማማ» አላት። እሷም አልተቆጣችም። ለልጇ ስንቅ ስትልክ ለክፍሉ ሁሉ የምትልክ፣ የክፍሉንም ልጆች በስልክ አንድ በአንድ የምታውቅ እናት ናት። «እንግዲያ ሎዛን ጥራልኝ» አለችው። ሎዛ መዝገቡ ላይ ስላለች ተጠራች። ሀሴትም ፕሮክተሯ ናትና አብራት ወረደች።

«እሰይ! ሎዛዬ አንቺ ነሽ?» አለች ዝናሽ፣ ልጅቱን ጉንጯን እያገላበጠች ስማ። «ራስ ምታቱ ተወሽ ወይ? ጤና አዳሙን ላኩልሽ አይደል? ያቺ ልጄ የት ገብታብኝ ነው?»

ሎዛ ጫማዋን ጫማዋን ታያለች። ጤና አዳሙ እስከ አሁን ክፍሉ መስኮት ላይ ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ሀሴት ስታጸዳ አይታ ዝም ብላዋለች።

«አላወቅኩዎትም እማማ» አለች ልጅቱ።

«እኔ ነኝ እኮ፣ የአትጠገብ እናት።»

«እንደዚያ የምትባል ልጅ አላውቅም።» ድምፅዋ ጠዋት ድክመቷን የምትናገርበት ድምፅ ነበር፤ የረጋና ጥርት ያለ። እንባዋ ግን እስከ አገጯ ወርዶ ነበር። ዞራ ወደ ማደሪያው እየሮጠች ሄደች። ዝናሽ ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ሀሴትን ቀና ብላ አየቻት። ሀሴት ጎንበስ ብላ ዘንቢሉን ከመንገዱ ወደ ጥግ አነሳችው፤ አፈረች።

የስኬት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ያፌት እስከ በሩ ድረስ በእግሩ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች ሲታመሙ ሾርባ ይዞ የሚጠይቅ፣ ሁሉንም በስም የሚያውቅ፣ ለስላሳ ጎልማሳ ነው። ዝናሽን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ስህተት ሳይኖር እንደማይቀር፣ አገሯ ገብታ በደንብ ብትጠይቅ እንደሚሻል አስረዳት። ከዚያ ሀሴትን ወደ ጎን ጠራት።

«በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ትሳፈር። ግን ምሳ አብያት፤ ያን ያህል መንገድ መጥታ ርቧት ከግቢያችን ብትወጣ ነውር ነው።»

«እሺ።»

«ኤልዳና ለምርቃቷ ስንት ቀን ቀራት?»

«አሥራ አንድ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ ከወዲሁ» አለና ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ሄደ።

ኤልዳና የሀሴት አንድ ልጅ ናት። አምስተኛ ዓመት፣ ብሎክ ስድስት። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ሀሴት የምትበላው፣ የምትተነፍሰው ለሷ ነው። የኤልዳና ቡድን ነጥብ ሰባ ሁለት ነው፤ በቡድኑ ደካማዋም ራሷ ኤልዳና ናት፤ ቡድን ከሰባ ሲወርድ ነጥቡን ለማቃናት የምትወጣው ደካማዋ ናት። ሀሴት ይህን ቁጥር ጠዋት ስትነሳ ታያለች፣ ከሥራ ስትወጣ ታያለች፣ ሽንት ቤት ቁጭ ብላም ታያለች። አንድ ስም ሦስት ነጥብ ነው። የዚህን ሒሳብ ለመሥራት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

የምግብ አዳራሹ በስድስት ሰዓት ጢም ይላል። ሀሴት ሴትዮዋን ጥግ ላይ፣ ሳህን ከሚመለስበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ይህን ቦታ ለምን ሠራተኛ እንደማይቀመጥበት ያስታወሰችው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ለመነሳትም ረፍዷል፤ ሽሮው ቀርቦ ነበር።

ዝናሽ እጇን ታጥባ፣ እንደ አገሯ ወግ፣ ዙሪያዋን አየት አደረገች። ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ፣ ከተመለሱት ሳህኖች ላይ የተረፈ እንጀራ ወደ ላስቲክ ትገለብጣለች። ፀጉሯ አለመላው ተቆርጧል፤ የዩኒፎርሙ ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ይመስላል። በዙሪያዋ ሃያ ልጆች ይበላሉ፤ የሃያውም ዓይን እሷን አልፎ ግድግዳው ላይ ነው።

«እንብላ ልጄ» አለቻት ዝናሽ።

ዝናሽ እንግዳ ናት፤ ባጅ የላትም፤ የሚቀነስባት ነገር የለም። አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው እንብላ ሲባል ሰምተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። የልጅቱ እጅ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቆመ። ወደ እናቷ አልዞረችም። ወደ ሀሴት ብቻ፣ በጎኗ፣ ፊቷን ትንሽ መለስ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አደራ፣ እንዳትናገሪ ማለቷ ነበር። አትጠገብ ናት። በመጋቢት የብሎክ አራትን አልጋ ሰባት ያነሳችው ሀሴት ራሷ ናት፤ ልጅቱ ትራሷ ሥር ያስቀመጠችውን የእናቷን ፎቶግራፍ በከረጢት የቋጠረችውም እሷው።

ሀሴት ሒሳቡን ሠራች። ጮሃ ብትናገርስ? እናትየዋ ዘላ ልጇን ታቅፋለች፣ ሰው ይተራመሳል፣ ኤልዳናም ማታውኑ አልጋ አይኖራትም። ዝናሽን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሴትዮዋ ወደ ሳህኗ አቀርቅራ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ትልልቅ ጉርሻ እየጎረሰች ትበላለች። አላወቀቻትም፣ ብላ ሀሴት በልቧ አመሰገነች፤ በማመስገኗ ደግሞ ራሷን ጠላች። ቀና ስትል ልጅቱ ሄዳለች።

አውቶቡሱ ከግቢው ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ይቆማል። ሹፌር የለውም፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይሄዳል፣ ቆይ ብለው የሚለምኑት ሰው የለም። ለስምንት ሰባት ደቂቃ ሲቀር ሁለቱ ሴቶች በሩ አጠገብ ቆሙ። ዝናሽ ዘንቢሏን አልያዘችም።

«እማማ፣ ዕቃዎትን ረስተው...»

«አልረሳሁትም። እዚያው ሳህን የሚመለስበት መስኮት ሥር ትቼዋለሁ፤ ታገኘዋለች።» ነጠላዋን አገጯ ድረስ ሳበች። «ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትቆመው። ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ የተሰበረችበት ነው። እኔ ነኝ ያሳሸኋት።»

ሀሴት የአጥሩን ብረት ያዘች። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ራሷን ስትነቀንቅ አየኋታ! ልጄ አትጥሩኝ ካለች ምን ላድርግ? የያዘችው ነገር ይኖራል፣ እኔ መሃይሚቱ ገብቼ ላበላሽባት?» ድምፅዋ ተሰበረና መልሳ አቃናችው። «ደግሞ አንቺም ፊትሽ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። ልጅ አለሽ መሰለኝ እዚህ ውስጥ።»

«አለችኝ።»

«እግዜር ያሳድግልሽ።» አውቶቡሱ በሩን ከፈተ። ዝናሽ አንድ እግሯን አሳርፋ ዞረች። «እኔ ሌላ አልለምንሽም። ስሟን አንዴ ጥሪልኝ። ቀበሌው የለችም አለኝ። ትምህርት ቤቷ አላውቃትም አለኝ። ያቺ በስልክ እማዬ የምትለኝ ሎዛ እንኳ አላውቃትም አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስሟን የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። የልጄ አጎት ሳይቀር አይቶ አይቶ፣ ዝናሽ ወልደሻል እንዴ ብሎኛል። ዛሬ በዓይኔ አየኋት፤ አገሬ ስገባ ግን እሱንም እጠራጠረዋለሁ። ከሰው አፍ ልስማው።»

ባጁ የሀሴት ደረት ላይ ነው። በሥራ ሰዓት አይወልቅም። ሰባ ሁለት ሲቀነስ ሦስት። ኤልዳና አሁን ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ ሆና «ድክመትሽ ምንድን ነው» የሚለውን እየተለማመደች ነው። አሥራ አንድ ቀን! ሀሴት ሴትዮዋን ለመግፋት፣ ይሳፈሩ ይረፍዳል ለማለት እጇን አነሳች። እጇ የዝናሽን ክንድ ሲነካ ግን ክንዱ እንደ ኤልዳና ክንድ ቀጭን ነበር፣ ሙቅም ነበር። ያን ጊዜ እጇ መግፋቱን ተወ።

«አትጠገብ» አለች። «አትጠገብ ይሁኔ። ብሎክ አራት፣ ክፍል ሃያ ሁለት፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።»

ባጁ ሁለት ጊዜ ነዘረ፤ ስሙን ሁለቴ ነበር የጠራችው።

«አዎ» አለች ዝናሽ፣ ፊቷ በርቶ። «አዎ፣ ትሸፍናለች። ጥርሷ ድርብ ስለሆነ ታፍራለች።» በሩ ተዘጋ። ሴትዮዋ በመስታወቱ በኩል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ አውቶቡሱ ዳገቱን እስኪዞር ድረስ ለራሷ ትናገር ነበር።

ሀሴት ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ስትደርስ የነጥቡ መቀነስ ቀድሟት ደርሷል። ኤልዳና ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። አራቱ የቡድን ጓደኞቿ ከሷ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው፣ ደብተራቸውን ሰብስበው ቆመዋል። አንደኛዋ፣ ያቺ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከኤልዳና ጋር በአንድ ብርድ ልብስ የምትተኛው፣ ሀሴትን ስታይ አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ስም ጠራሁ።»

«የማን?»

ሀሴት ነገረቻት። ኤልዳና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አትጠገብን! እኔ አላውቃትም መሰለሽ? ስታቲስቲክስ ያስጠናችኝ እሷ አይደለች? ሁላችንም እናውቃታለን! ሁላችንም ዝም ያልነው አውቀን ነው!» ጮኸች። «አሥራ አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ብትጠሪ ማን ይከለክልሽ ነበር? አንቺ እናት ነሽ?»

ልጇ እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ቀን ብትታገስ ኖሮ፣ እያለች ታስብ ነበር እንጂ ደፋር ሥራ ሠራሁ አላለችም። ፈርታ ነበር፣ ይቆጫትም ነበር። እጇን ዘርግታ ልጇን ልትይዝ ብትል ኤልዳና ሸሸቻት።

የዘጠኝ ሰዓት ፈረቃ ልጆች ከክፍል ወጥተው በደረጃው መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ የወጡት ኤልዳናን ሰላም ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሳለ ባጃቸው ነዘረ፤ አዲስ ስም መጥቶ ነው። ወዲያው ዓይናቸው ልጅቱን አልፎ ሄደ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፤ በግራና በቀኟ እየጎረፉ፣ የአንዷ ቦርሳ ትከሻዋን እየነካ፣ ማንም ይቅርታ ሳይል ወረዱ። ኤልዳና መጀመሪያ ወደ አንዷ፣ ቀጥሎ ወደ ሌላዋ ዞረች። ከዚያ ዓይኗ እናቷ ላይ ቆመ፤ ሕፃን ሆና ገበያ ውስጥ የጠፋችበት ቀን ያየቻትን አስተያየት አየቻት።

«ኤልዳና!» አለች ሀሴት፣ ጮክ ብላ። ባጁ ነዘረ። «ኤልዳና ተሾመ!» ነዘረ። የሚቀነስ ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ይነዝራል።

ሰልፉ አልቆመም። ሀሴት ወደ ግቢው መሐል ሄደች። የሷ ነገር መጥፎው፣ አንሶላ ስትገፍፍ የኖረች ሴት እንደሌላው ሰው አለመርሳቷ ነው። ስልኳ ቁጥር ብቻ ይልክላት ነበር፤ እሷ ግን አልጋውን ሁሉ በባለቤቱ ታውቀዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ለማንም ሳትናገር፣ ሁለት መቶ አርባ ስም ሆዷ ውስጥ ይዛ ኖራለች። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጀመረች።

«ፌቨን አባይነህ!»

ማንም አልዞረም።

«ህሊና በርሄ!»

አቶ ያፌት ከቢሮው ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። እያዘነ ነበር። ሁለት ጥበቃዎች ወደ ሀሴት መምጣት ጀምረው መንገድ ላይ ግራ ገባቸው፤ ባጃቸው በዚህች ደቂቃ የሷንም ስም ነግሯቸዋል፣ ስለዚህ የሚይዙት ሰው አልነበረም። ቆመው ወዲያና ወዲህ አዩ።

«ጫልቱ ደበላ!» ድምፅዋ እየሰለለ ነው። ኤልዳና ከደረጃው ተነስታ ወደሷ ስትመጣ አየቻት፤ ትቆጣ ይሁን ትረዳት አላወቀችም። አራተኛዋ በ2077 ዓ.ም. ከአልጋ ሦስት የተነሳች፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ሀሴት ለሥራው አዲስ ስለነበረች አንሶላውን እያጠፈች አልቅሳለች። ዛሬ በሕይወት ካለች ሠላሳ ሰባት ዓመት ይሆናታል።

«ኢክራም ሰይድ!»

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ተናግሮ የማያውቅ፣ የሻከረ፣ የጎልማሳ ሴት ድምፅ ተሰማ።

«አቤት» አለ።